ተዳፋቱ ለአንድ ሰው ብቻ ነበር

ጌትዬ፣ የሶልያና አባት፤

ከተለየኸን ወዲህ እዚህ ሜፕልዉድ በረዶው ሁለቴ ተከምሮ ሁለቴ ቀለጠ፤ አሁን ደግሞ የሦስተኛው ክረምት ደጃፋችንን ዘግቶታል። አካፋ ይዤ ስወጣ እየተሳደብኩ ነው የምዝቀው። አንዳንዴ በረዶውን፣ አንዳንዴ አንተን።

ቤቱ ጭር ብሏል። መኪናህን ሸጥኩት። ፍሪድሊ ከተማ ያሉት የሥራ ባልደረቦችህ አሁንም ይደውላሉ። ጓደኛህ ዳዊት ግን አይደውልም። በለቅሶህ ላይ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ የተሰበረ እጁ በጀሶ እንደታሰረ በጥፊ አጮልኩት። አንገቱን ደፍቶ ቻለኝ። አብራችሁ ለበረዶ ሸርተቴ ወደ ምዕራቡ ተራራ ሄዳችሁ እሱ ብቻ ተመለሰ፤ ምን ላድርግ?

በተዝካርህ ቀን መጥቶ የሆነውን ነገረኝ። የታችኛው በረዶ እንደ ስኳር የላላ፣ በላዩ ደግሞ ነፋስ ያከማቸው አዲስ በረዶ የተጫነበት እንደነበር ሁለታችሁም ታውቁ ነበር። እንዲህ ያለ ተዳፋት ሲያጋጥም አንዱ ይሻገራል፣ ሌላው ዳር ቆሞ ይጠብቃል። ኮርስ ወስዳችሁበታል። ዳዊት ቀደመ። መሃል ሲደርስ ፈርቶ ቆመ። አንተ ታዲያ «አይዞህ፣ መጣሁልህ» ብለህ ገባህ!

በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ አልልህም፤ ገደሉንማ አይተኸዋል። ሰው ብቻውን ሲጨነቅ ቆሞ ማየት አላስችል ብሎህ ነው። እንግዳ ፌርማታ ድረስ ሸኝተህ፣ አውቶቡሱ እስኪመጣ አብረህ በብርድ የምትንቀጠቀጥ ሰው! ተዳፋቱ ሁለታችሁን አልቻለም። ከበላያችሁ ተሰነጠቀና እንደ ግድግዳ ተናደ። ዳዊትን ወደ ዳር ወረወረው፤ አንተን ጠርጎ ከዛፎቹ ጋር አላተመህ። ናዳው ሲቆም እንደ ሲሚንቶ ጠጠረ። ዳዊት በአንድ እጁ ቆፍሮ ሲደርስብህ ደረትህ ተሰባብሮ፣ አፍህ በረዶ ሞልቶት ነበር። የሬሳ ሳጥንህን እንዲከፍቱልኝ ብጮህም እምቢ አሉኝ።

አሁን የምጽፍልህ ልጅህ ስላበደች ነው። ወደዚያው ተራራ ከጓደኛዋ ጋር ልሂድ አለች። እሷም ኮርሱን ወስዳለች። ባለፈው ሳምንት ስትነግረኝ ጋራዥ ገብቼ ያንተን ቢኮን፣ ያን በረዶ ሥር የተቀበረ ሰው ያለበትን የሚጠቁም መሣሪያ፣ በመዶሻ ቀጠቀጥኩት። ፕላስቲኩ ፊቴ ላይ እየተፈናጠረ አላቆምኩም። በሩ ላይ ቆማ አየችኝ። «ማሚ፣ አይ ሃቭ ማይ ኦውን» አለችኝ፤ ለካ የራሷን ገዝታለች። እንዳላስራት ሃያ ዓመቷ ነው። እንዳንተ እልኸኛ ናት።

ዛሬ ጠዋት ሻንጣዋን መኪና ላይ ስትጭን ክንዷን ጨምድጄ ያዝኳት። ጓደኛሽ መሃል ላይ ቆማ ብታለቅስ ምን ታደርጊያለሽ አልኳት። ክንዷን አላስለቀቀችኝም። ዳር ቆሜ አያታለሁ፣ ዓይኔን ከሷ ላይ አልነቅልም፣ ግን አልገባም አለችኝ፤ በአማርኛ፣ እያንዳንዱን ቃል እየለየች። ብታለቅስም አልኳት። ብታለቅስም አለች። ከዚያ ለቀቅኳት። አንተ ብትሰማ፣ ልጄን እንዲህ ጨካኝ አድርጎ ያሳደጋት ማነው ብለህ ትቆጣ ነበር። እኔ ነኝ።

ይኸው ሄዳለች፤ አሁን መንገድ ላይ ናት። እኔም ስልኩን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀምጫለሁ።

አልረሳህም፣ ጌትዬ። እስክሞት ስምህን እጠራለሁ። በየዓመቱ ስዘክርህም ለመጣው ሁሉ ደግነትህን አወራለሁ። ይህን ደግነት ግን ለልጅህ አላወርስም።