ፍሪጅ ውስጥ የነበረው መርፌ

መስከረም 26፣ ሰኞ። ቴፒ

መብራት ከሄደ ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ጠዋት ባለቤቴ ዘነበች ጎረቤት ስትሄድ ፍሪጁን ከፈትኩ። በረዶው ቀልጦ መድኃኒቱ ለብ ብሏል። ወደ መስኮቱ አስጠግቼ ሳየው ደፍርሷል። ከጅማ ድረስ በበረዶ ሣጥን ይዤው የመጣሁት፣ የስኳር ነው ብዬ የዋሸኋት፣ ወንድነቴን ይመልሳል የተባለው መርፌ ነው። እዚህ ያደረሰኝም ስኳሩ ነው።

ሐኪሙ ደጋግሞ ነግሮኛል። «ቅዝቃዜው ከጠፋ ወይም ከደፈረሰ እንዳይወጉት። አልሠራም ብለው በዚያው ቀን እንዳይደግሙ። ቆሞ አራት ሰዓት ካለፈው ሳያፍሩ ወደ ሆስፒታል ይሩጡ።» ሳላፍር! እዚህ ድንገተኛ ክፍል የምትሠራው ነርስ እኮ ያስተማርኳት ልጅ ናት።

ያም ሆኖ ልወጋው ምንም አልቀረኝም ነበር። ግን ነርሷን ሳስብ መልሼ ከደንኩት። ሽንት ቤት ወስጄ ጣልኩት።

ሁለት ዓመት ሙሉ በጾም ስሸሸግ ኖሬያለሁ። ፍልሰታ ሲፈታ እንኳ ረቡዕና ዓርብ አሉልኝ። ዛሬ ደግሞ የጽጌ ጾም ገባ። የፈቃድ ጾም ስለሆነ እኛ ቤት ተጾሞ አያውቅም። ዘንድሮ እጾማለሁ፣ ለብቻዬም እተኛለሁ ልላት ከትምህርት ቤት እስከ ቤት ድረስ ቃሉን እየተለማመድኩ መጣሁ።

ለምሳ ስገባ ጠረጴዛው ላይ ሽሮ ቀርቧል።

«ጽጌን ትጾማለህ ብዬ ነው» አለችኝ፣ ቀና ብላ ሳታየኝ። «ፍራሽህንም ሳሎን አንጥፌልሃለሁ።»

እግዜር ይስጥሽ አልኳት።