የራስ ቁሩን በብብታቸው ሥር ለያዙት ለአባ መብረቅ

ለተከበሩ አርቲስት ኢዩኤል ወንድይፍራው
ባሉበት

እንደምን ከርመዋል? ከሁሉ አስቀድሜ ለጤንነትዎ፣ ከጤንነትዎም ነጥዬ ለፊትዎ መልካሙን ሁሉ እመኛለሁ። ፀሐይ እንዳያጠቁረው፣ ነፋስ እንዳያደርቀው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ምንም ነገር እንዳይሸፍነው የዘወትር ዱዓዬ ነው።

ሀፍሷ ጁነዲን እባላለሁ፤ የመርካቶው ሰባተኛ ሰፈር ልጅ ነኝ። ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል አላሳለፍኩም፣ በሰው ፊት መናገርም አይሆንልኝም። ለቀረጻ ወደ ምን አለሽ ተራ በመጡ ጊዜ ሰላም ልልዎት ፈልጌ ከዘይት ቆርቆሮ ክምር ኋላ ብዙ ቆምኩና፣ እርስዎ መኪናዎ ውስጥ ገብተው ከሄዱ በኋላ ሰላም ብዬዎታለሁ። ስላልመለሱልኝ አልተቀየምኩም። ዛሬ በደጋፊዎችዎ የቴሌግራም ገጽ ላይ በግልጽ የምጽፍልዎትም ደፍሬ ሳይሆን፣ ጽሑፍ ሰው ሲያየው ስለማያፍር ነው።

ድራማውን ለማያውቁ አንባቢዎች በአጭሩ ልናገር፦ እርስዎ በየእሑዱ በሚታየው «አባ መብረቅ» ላይ የመርካቶውን ጀግና ሆነው ይተውናሉ። ይህ ጀግና ከቆርቆሮ የተሠራ፣ ፊትን ሙሉ የሚሸፍን የራስ ቁር ሲያጠልቅ ከእጁ መብረቅ ይወጣል፤ ካላጠለቀ እንደማንኛችንም ነው። ቁሩን የሠራው ምድጃ ሠሪው አባቴ ጁነዲን ነው። አሁን ድራማው ሊያልቅ አንድ ክፍል ቀርቶታል፤ እርስዎ ግን ቁሩን አንድም ጊዜ አላጠለቁትም። በዚህ ላይ ያሉኝን ትንንሽ ሐሳቦች (ቅሬታ ማለት ስለምፈራ ነው) በቁጥር አስቀምጫለሁ።

1ኛ) ቁሩን ለበዓል እንደተገዛ ዶሮ በብብትዎ ሥር ይዘው ከሌቦች ጋር ሲነጋገሩ ማየት እጅግ ያስደስታል። መብረቅ ስለሌለዎት በምክር ለመዋጋት መገደድዎን እንረዳለን። ባለፈው እሑድ መጋዘን የሚዘርፉትን ሰዎች ስለ እናት ውለታ መክረው አስለቅሰዋቸዋል። እነሱም እንባቸውን እየጠረጉ ዕቃውን ጭነው ሄደዋል። ምክርዎ ልባቸው ድረስ ስለገባ ከልብ አመሰግናለሁ።

2ኛ) በቴሌቪዥን ቀርበው «ገጸ ባሕርዩን ሙሉ ለሙሉ ለመሆን ገና ነኝ፤ ጀግና በልቡ እንጂ በቆርቆሮው አይደለም» ካሉ ወዲህ ሰፈራችን ልቦችና ቆርቆሮዎች ተብሎ ለሁለት ተከፍሏል። የልቦች መሪ በርበሬ በረንዳ የሚነግዱት እትዬ አበራሽ ሲሆኑ፣ ይህን የመሰለ ፊት ቆርቆሮ ውስጥ ክተተው የሚል እሱ ራሱ ሌባ ነው ይላሉ። የቆርቆሮዎች መሪ ከአባቴ ጎን ባልዲና ጣሳ የሚሠራው ሙስአብ ሲሆን፣ ሹፌር መኪናው ውስጥ ካልገባ መንገደኛ ነው ብሎ ይመልስላቸዋል። ነገሩ ከሮ እትዬ አበራሽ ለሙስአብ በርበሬ አልሸጥም ብለዋል፤ ሙስአብም የእትዬን የተቀደደ መስፈሪያ ጣሳ አልጠግንም ብሏል። በርበሬው በቀዳዳው እየፈሰሰ ሰፈሩ በሙሉ ያስነጥሳል። የዚህ ሁሉ ፍቅር ምክንያት ስለሆኑ እናመሰግናለን።

3ኛ) በዚያው ቃለ መጠይቅ «ቁሩ ከኋላው መዝጊያ አለው፤ ከሰል ሊጨምሩብኝ መሰለኝ» ብለው አስቀውናል። መዝጊያ እንዳለው አልክድም። የከሰል ምድጃ ከሥሩ አየር የምታስገባ ትንሽ መዝጊያ አለችው፤ የአባቴ እጅ ዕድሜውን ሙሉ እሷን ስለለመደ፣ ሳያስበው ከማጅራቱ በኩል ገጥሟታል። ያስተዋላት ሠርቶ ከጨረሰ በኋላ ነው። ሊነቅላት እጁን ካነሳ በኋላ ግን የሰውም ራስ ይግላል ብሎ ተዋት። ከቃለ መጠይቁ በኋላ በምን አለሽ ተራ የሚያልፍ ሁሉ «ጁነዲን፣ የአርቲስቱ ራስ በሰለ ወይ?» እያለ ይጠይቀዋል። አባቴ ገና አልተጣደም ብሎ ይመልሳል። እኔም በትሕትና የምጨምረው፣ ገብተው ያላዩትን ቤት በሩ አስቀያሚ ነው ማለት ለእንግዳ እንደማይመች ብቻ ነው።

4ኛ) ይህንን ለመጻፍ ብዙ አመንትቻለሁ። አባቴ ምድጃ ሲሸጥ ገዢው ፊት ከሰል አቀጣጥሎ፣ እሳቱ መያዙን አይቶ ነው የሚያስረክበው። ያልነደደ ምድጃ ገና አላለቀም ይላል። ስለዚህ የእርስዎ ቁር ለእሱ ያላለቀ ሥራ ነው፤ እስኪጠለቅም አያልቅም። መጀመሪያ አካባቢ እሑድ በደረሰ ቁጥር ጎረቤት ሰብስቦ ከቴሌቪዥኑ ፊት ይቀመጥ ነበር። አሁን አሁን ግን ድራማው ሲጀምር «ሲያጠልቀው ጥሩኝ» ብሎን ወደ ጓሮ ይወጣል። እስከ ዛሬ አልጠራነውም።

እንግዲህ የምለምንዎት ትንሽ ነገር ነው። ሐሙስ የመጨረሻውን ክፍል ለመቅረጽ ወደ ምን አለሽ ተራ ሲመጡ፣ ለአንድ ትንፋሽ ያህል እንኳ ቁሩን ያጥልቁት። ፊትዎ ይጠፋብኛል ብለው የሚሰጉ ከሆነ፣ ከሰፈራችን መግቢያ ባለው የሳሙና ማስታወቂያ ላይ በሦስት ፎቅ ቁመት ተሰቅሎ ይጠብቅዎታል፤ ማንም አይወስደውም።

ውድ ጊዜዎን፣ ከመስታወት ፊት ከሚያሳልፉት ላይ ቀንሰው ይህን በማንበብ ስላዋሉት ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

ፊትዎን አይታ የጠገበች፣ ቁሩን ግን ገና ያልቀመሰች፣
ታዛዥ ተመልካችዎ
ሀፍሷ ጁነዲን

ማስታወሻ፦ ደብዳቤዬን ጽፌ ሳልልከው የድራማው አዘጋጅ ወይዘሮ እስከዳር አባቴ ዘንድ መጡ። እርስዎ ሐሙስም እንደማያጠልቁ ስለነገሯቸው፣ መብረቁን ሌላ ሰው ቁሩን አጥልቆ እንዲወረውርና እርስዎ በመጨረሻ ለንግግሩ ብቻ እንዲወጡ ወስነዋል። ቁሩ የሚበቃው ራስ ሲፈለግ የሙስአብ ጆሮ አላስገባው አለ። በእኔ ራስ ላይ ግን ልክ ሆነ። ካሜራ ፊት መቆም አልችልም ብዬ ላለቅስ ስል፣ ወይዘሮ እስከዳር «ማን ሊያይሽ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። አባቴ ሐሙስ ሥራውን ዘግቶ ከካሜራው አጠገብ ሊቆም ነው። ስለዚህ እሑድ አገር ሁሉ «ኢዩኤል በመጨረሻ ሙሉ ጀግና ሆነ» ብሎ ሲያጨበጭብልዎት አይደንግጡ፤ ጭብጨባውንም ይቀበሉ፣ እኔ እንደሆነ አፍራለሁ። ምስጢሩን የምናውቀው እኔ፣ አባቴ፣ ሙስአብ፣ ወይዘሮ እስከዳርና ይህንን ገጽ የሚያነቡ ደጋፊዎችዎ ብቻ ነን።