ከመጨረሻው ሩብ በፊት

ውድ ልጄ ኪርስቲ፣ የፐርዝ ብርድ እንዴት ይዞሻል? እኛ ደህና ነን፤ ዝናቡም ጥሎልናል።

የእግር ኳስ ክለቡ በሚቀጥለው ዓመት አባትሽን ከአሠልጣኝነቱ አንሥቶ በምክትሉ በዳሚያን ሊተካው ይፈልጋል። "ያ ጨቅላ? መጀመሪያ ጫማውን ማሰር ይማር!" ብሎ ሳቀ አባትሽ።

ቅዳሜ የጨዋታው አራተኛና የመጨረሻ ሩብ ከመጀመሩ በፊት፣ በእረፍቱ፣ እንደ ወትሮው ተጫዋቾቹን ሊያናግር ሜዳ ወረደ። የገባው ግን ተጋጣሚዎቹ መሃል ነበር። "በሉ ጎበዞች፣ ኳሷን አትፍሯት!" አላቸው። ልጆቹ እስኪጨርስ አዳመጡት፤ አንድም የሳቀ የለም። ዳሚያን መጥቶ "አለቃ፣ የኛዎቹ እዚያ ማዶ እየጠበቁዎት ነው" ብሎ ክንዱን ያዘው።

ዛሬ የክለቡ ሊቀመንበር ደውሎ "ቦታውን ለዳሚያን ስለ መልቀቁ ምን አለ?" ሲለኝ፣ "ተስማምቷል" አልኩት። አባትሽ አጠገቤ ድንች ይልጥ ነበር፤ ቀና አላለም።

ለገና ስትመጪ፣ ገና በር ላይ ስምሽን ንገሪው። በደህና ያገናኘን።

እናትሽ ኖሪን