ዶሮ የሰፈረበት ኮምፒውተርህ

ይበልጣል አካሌ፣

ከተለየኸኝ ሁለት ክረምት አለፈ። ፍኖተ ሰላም ያለው ቤታችን እንደቆመ ነው፤ የደጁን ማንጎ ግን ነፋስ ጣለው። ደህና ነኝ ብልህ እዋሽሃለሁ። አንጀቴን ያቆሰለ ነገር አለ፤ ላንተ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ?

እናቴን ላስታምም ቡሬ ሄጄ ስከርም ቁልፉን ለወንድምህ ለስማቸው ሰጠሁት፣ ቤቱን ያይልኛል ብዬ። ተመልሼ የሥራ ክፍልህን ብከፍት ሽታው ገፍትሮ መለሰኝ። ዶሮ አስፍሮበታል። ዶሮዎቹ ኮምፒውተርህን ቆጥ አድርገውት፣ ኩሱ መተየቢያው ላይ ደርቆ ፊደሉ አይታይም። በፍሎፒ ማስገቢያው አይጥ ገብታ ጎጆ ሠርታለች፤ ጠጉር ያላወጡ ልጆቿ ውስጡ ይርመሰመሳሉ። ወጥቼ አስታወክሁ። ስማቸው ሲመጣ አላፈረም። «የሞተ ሰው ኮምፒውተር ምን ይሠራል? ዶሮዋስ እንቁላል ትጥላለች» አለኝ። በዚያ እንቁላል የወዛ ፊቱን ማየት አስጠላኝ።

እሱ ምን ያውቃል። አንተ በየበዓሉ ቡሬ አጠገብ ካለው ደብር ሄደህ፣ የኔታ የተቀኙትን በጆሮህ ይዘህ ትመለስና፣ ጫማህን ሳታወልቅ ትተይብ ነበር። እኔ አጠገብህ የተማሪዎቼን ፈተና አርማለሁ። ቅኔ አይደገምም ሲሉህ፣ «እኔ ስስታም ነኝ» ትል ነበር። አሁን የኔታ አርጅተዋል፤ የራሳቸውን ቅኔ ይረሳሉ። ቡሬ ሳለሁ ተማሪዎቻቸው ይበልጣል የጻፈው የት ደረሰ እያሉ ጠይቀውኛል።

ስለዚህ አፍንጫዬን በነጠላ አስሬ ጠረግሁ፣ ፋቅሁ፣ በአልኮል ወለወልሁ። ኮምፒውተሩ ተነሣ፤ የፍሎፒ ማንበቢያው ግን በአይጥ ሽንት ተበልቶ ቀርቷል። ቅኔውን ያኖርህባቸው ዲስኮች ቁም ሣጥን ውስጥ ስለነበሩ ጥቂቶቹን ሻጋታ ቢበላቸውም ብዙዎቹ ተርፈዋል። ቡሬ ስልክ የሚጠግን አንድ ሰው ከውጭ የሚሰካ ማንበቢያ አገኘልኝ። አንዱን ዲስክ በራሱ ኮምፒውተር ሲከፍተው ግን ፊደሉ ሁሉ ዝብርቅርቅ ሆነ፤ አንተ የተየብህበት የድሮ የአማርኛ ፊደል ያለው እኛ ቤት ባለው ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው። ማንበቢያውን ይዤ ተመለስሁ። ከኮምፒውተሩ ፊት ብሰካው የማንበቢያው መብራት ብልጭ ብሎ ይጠፋል። ለጠጋኙ ስደውልለት «ከኋላ ሰኪው፣ የፊቱ ኃይል አይበቃውም» አለኝ። ከኋላ ሰካሁት። እርር እርር ብሎ ሲያነብ፣ ግእዙ መስመር በመስመር ሲወጣ፣ እጄን አፌ ላይ ጭኜ ቀረሁ።

በወረቀት አትሜ ለየኔታ ወሰድሁላቸው። አንዱ ዲያቆን ሲያነብ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። ስማቸውም ተከትሎኝ መጥቶ ነበር። ንባቡ ሲያበቃ ተነሥቶ፣ በአደራ ያቆየሁት እኔ ነኝ ብሎ በሰው ፊት ተናገረ።

«እውነቱን ነው የኔታ» አልሁ። «የዶሮ ቆጥ ሠርቶ ነው ያኖረልን።»

የኔታ እስኪያስላቸው ሳቁ። ስማቸው ግን አልደነገጠም፤ ጠላ ሲቀርብ ከሁሉ ቀድሞ ተቀመጠ። እንዲህ ያለ ሰው ያንተ ወንድም መሆኑን ሳስብ ዛሬም ይጎመዝዘኛል። ቁልፉን ተቀብዬዋለሁ።

ኋላ የኔታ ለብቻዬ ጠሩኝ። በአንዱ ቅኔ ውስጥ አንዲት ቃል ስተህ መተየብህን ነገሩኝ፤ የቅኔውን ቤት ሰብራዋለች። ላርማት ስል እጄን ያዙኝ። «ተዪያት ልጄ። ቅኔው የኔ ነው፤ ስሕተቷ የይበልጣል ናት። ከሱ ምን ቀረን?» አሉኝ።

አላረምኋትም። ተማሪዎቹ እንዲገለብጡም ከነስሕተቷ ነው የሰጠኋቸው። ይበልጣል፣ እኔም እስካለሁ ድረስ ያችን ቃል አንተ እንደሳትሃት እላታለሁ።

ባለቤትህ እናትነሽ