ሳልሄድ የመጣ ስንቅ

ሰኞ
ኧረ ተዉኝ! እሄዳለሁ ሳልል ቤታችን በጩኮ ሞላ። እማዬ «ልጄ ዱባይ ልትሄድ ነው» ያለችው ለአንዲት ጎረቤት ብቻ ነበር። የጎባ ሰው ደግሞ መንገደኛን ባዶ እጁን አይሸኝም፤ የገብስ ዱቄቱን በቅቤ ለውሶ ይዞ ይመጣል። ዛሬ ጎረቤታችን አደ ዘይነባ በትልቅ ጣሳ አመጡልኝ። «ነጋን ዴቢኢ፣ በሰላም ተመለሺ» ብለው መረቁኝ። አሜን ከማለት ሌላ ምን እላለሁ?

ማክሰኞ
ልሂድ? የአክስቴ ልጅ ዱባይ የምትሠራበት ስፌት ቤት ሰው ይፈልጋል። ደመወዙ ጥሩ ነው። ጣሪያችን ይጠገናል፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ባልዲ ከመደርደር እንገላገላለን።
ልቅር? ሮቤ ያለ አንድ ትምህርት ቤት የዩኒፎርም ናሙናዬን ወስዶ ዝም ብሏል። ቢሆንም እዚህ የምሰፋው በራሴ የስፌት መኪና ነው። እማዬስ ከማን ጋር ታመሻለች? እሷ ግን እንድሄድላት የቸኮለች ትመስላለች። ይሄ ነው የከፋኝ።

ሐሙስ
ተሳካ! ሮቤ ጠሩኝ። ርእሰ መምህሯ ናሙናዬን ይዘው ስፌቱን ጎተት ጎተት አደረጉት፤ ወይ ፍንክች! «የሁሉንም ክፍል ዩኒፎርም አንቺ ስፊልን» አሉኝ። ሚኒባስ ውስጥ ለብቻዬ ስስቅ አጠገቤ የተቀመጡ ሽማግሌ «ምን አገኘሽ?» አሉኝ። «ሥራ!» አልኳቸው።
ቤት ስደርስ ግን የጩኮ ጣሳዎቹ ጠበቁኝ። ያ ሁሉ ሰው መርቆኝ፣ እማዬም ጓጉታ፣ እንዴት ብዬ አልሄድም ልበል?

ዓርብ
ጣሳዎቹን ስደረድር አንድ ነገር አየሁ። የጎረቤቱ ሁሉ ጩኮ አለ፤ የእማዬ የለም። ገብሷ ገና በጆንያው ነው፣ አልተቆላም።
«እማዬ፣ ያንቺ ስንቅስ?»
ፊቷን አዞረች። «እጄ እምቢ አለኝ። ልብሽ ሄዷል ብዬ ዝም አልኩ እንጂ እኔማ...»
ሁለታችንም አለቀስን። ከዚያ የሮቤውን ነገርኳት። እልልታዋ መንደሩን አናጋው። ጎረቤቱ ቪዛዋ ወጣ ብሎ ግር ብሎ ገባ! አልሄድም ስላቸው አደ ዘይነባ እንደገና እልል አሉ። ጩኮዎን ልመልስልዎ ብላቸው ተቆጡኝ። «ብዪው! ያን ሁሉ ልብስ በባዶ ሆድ ልትሰፊ ነው?»

ቅዳሜ
ከማለዳ ጀምሮ ጨርቅ እየቆረጥኩ ነው። እውነት ለመናገር ፈርቻለሁ፤ ትምህርት ቤት እስኪከፈት እደርሳለሁ? ጣሪያውም አሁንም ያፈሳል።
የሰው ጣሳ ደግሞ ባዶውን አይመለስም። ወደ ጓዳ ብቅ ብል እማዬ ለየጎረቤቱ ጣሳ ቆሎ ልትሞላ ገብሷን እያንጎራጎረች ትቆላለች። ዛሬ እጇ እሺ ብሏል።