ያልተጨረሰው ምርቃት

ጥቅምት 12፣ ሚካኤል

ዛሬ ደብረ ታቦር፣ መጦሪያ ያሉትን አክስቴን ልጠይቅ ሄድሁ። እንደ ልማዳቸው ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ይመርቁኝ ጀመር። እሳቸው ምርቃት ከጀመሩ አሜን ማለት ያደክማል። አስታማሚዋ ብቅ ስትል ግን መሃል ላይ ዝም አሉና እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ሸሸጉ። ቀስ ብዬ ገለጥሁት፤ አንጓቸው በልዟል።

«ወድቄ ነው» አሉ፣ እሷን እያዩ።

አጠገባቸው የተኙት እማሆይ፣ አስታማሚዋን ሳይፈሩ፣ «አልወደቁም። ስትጎትታቸው አይቻለሁ» አሉ። እግዜር ዕድሜ ይስጣቸው! ለመጦሪያው ኃላፊ ሄጄ ነገርሁት፤ አስታማሚዋን ወዲያው ከሥራ አገዳት። እኔም አክስቴን ይዤ ወደ ቤቴ ሐሙሲት ተመለስሁ።

ገብተው አረፍ እንዳሉ እጃቸውን ዘረጉ።

«የቱ ላይ ነበር ያቆምሁት?»

ተመስገን። ከመጀመሪያው ይጀምሩት አልኋቸው።