የግንበኛ መሣሪያ ማስቀመጫ «ዕቃ ቤት» ተብሎ ስለመታሸጉ

ቀን፦ ሚያዝያ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለቀይ አፈር ንዑስ ማዘጋጃ ግንባታ ቁጥጥር ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ በግቢዬ የሠራኋት የመሣሪያ ማስቀመጫ ማሸጊያዋ ተነሥቶ እንድትከፈትልኝ ስለመጠየቅ

እኔ አመልካች ባምላክ አረጋ በላስታ ድንጋይ በመጥረብና በመገንባት የምተዳደር ነኝ። ሥራ እንደሚበዛብዎ ባውቅም፣ የደረሰብኝ ነገር በአጭሩ ሲነገር የማይታመን በመሆኑ ትንሽ እንዳስረዝም ይፈቀድልኝ።

1. መሣሪያዬን ከጣራው ክፈፍ ሥር አኖር ነበር። አምና በክረምት ሁለት መዶሻና አንድ ድጅኖ ተሰረቀብኝ። የሚቆለፍ ማስቀመጫ ለመሥራት አስቤ ፈቃድ ልጠይቅ ወደ መሥሪያ ቤትዎ መጣሁ። መስኮቱ ላይ የነበሩት ሠራተኛ «ለመዶሻ ማደሪያ ፈቃድ የሚጠይቅ ሰው ገና ዛሬ አየሁ፤ ሂድና ሥራ» አሉኝ። ሄጄ ሠራሁ። ቃላቸውን በጽሑፍ አለመቀበሌ ጥፋቴ ነው።

2. የሠራኋት ከቤቴ ጀርባ፣ አንድ ሜትር ተኩል በአንድ ሜትር ናት። ቋሚዋ ባሕር ዛፍ፣ ግድግዳዋ ጭቃ፣ ክዳኗ ቆርቆሮ ነው። ብረቱ እንዳይዝግ ወለሉን በጠፍጣፋ ድንጋይ ከመሬት ከፍ አድርጌዋለሁ። የላሜራው በር ማጠፊያ ከውጭ እንዳይነቀል ወደ ውስጥ ገጥሜ ጓጉንቸር አስገብቼበታለሁ። ሰው ይኖርባታል ተብሎ ከተጠረጠረ፣ ነዋሪው እግሩን ውጭ ማሳደር ግድ ይለዋል።

3. መጋቢት 29 ቀን ለሥራ በወጣሁበት ተቆጣጣሪዎች መጥተው ጎረቤቴን ወንድምአገኝን «ይኸ ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁት። «ዕቃ ቤት ነው» አላቸው። በእኛ አገር ዕቃ ቤት ሲባል መስቀሉ፣ መጽሐፉና ልብሰ ተክህኖው የሚቀመጥበት የቤተ ክርስቲያን ክፍል መሆኑን ልጅም ያውቀዋል። ስለዚህ በሩ ላይ የተለጠፈው ወረቀት «ያለ ፈቃድ የተሠራ የንዋየ ቅድሳት ማስቀመጫ» ይላል፤ ንዋያቱንም በዝርዝር እንዳስታውቅ ያዝዛል። ትእዛዙን በማክበር አስታውቃለሁ፦ መሮ አምስት፣ መዶሻ ሦስት፣ ካዙላ ሁለት፣ ውኃ ልክ አንድ፣ ቱንቢ አንድ፣ አካፋ አንድ። ለንግሥ የወጣ የለም።

4. ወንድምአገኝ ሳያውቅ ተናገረው ልል አልችልም። አብረን ዳዊት ደግመናል፣ አብረን በድቁና አገልግለናል፤ ያን ጊዜ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ይይዝ የነበረው እሱ ነው። በስሙ ውስጥ ያለው ወንድም እኔ የሆንሁ ይመስለኝ ነበር። ይህችን ክፍል ስሠራ ሁለት ቀን ሙሉ ጭቃ ረግጦልኛል። ሄጄ ብጠይቀው «ዕቃ የለበትም እንዴ? ታዲያ ምን ልበለው፣ ወንድሜ?» አለኝ። ሰዋስዉስ ትክክል ነው።

ምክንያቱን የነገሩኝ የወንድምአገኝ ባለቤት ወይዘሮ ውባንቺ ናቸው። ክፍሏ፣ ግቢዬን አቋርጠው ወደ ውኃው ቦኖ የሚሄዱበትን መተላለፊያ ዘግታባቸዋለች። ጭቃውን ሲረግጥ ይኸን እያየ ነበር። አንዲት ቃል ቢተነፍስ ቋሚውን ሁለት ክንድ ወዲያ እተክለው ነበር። ከማሸጊያው ይልቅ ያቃጠለኝ ይኸ ነው።

5. በገነተ ማርያም የእማሆይ ወለተ ሩፋኤል ቤት ግንብ ወደ መኝታቸው አዘንብሎ በሁለት ግንድ ተደግፏል። ክረምት ሳይገባ አፍርሼ ልሠራላቸው ቃል ገብቻለሁ። መሣሪያ ልዋስ ብል፣ «የታሸገበት ሰው ነው» ተብሎ የሚያውሰኝ ጠፋ። ጠንካራ ዝናብ ከመጣ ግንዱ አይችለውም፤ እማሆይም ሌላ መኝታ የላቸውም።

ስለዚህ ባለሙያ ተልኮ በዓይኑ አይቶ ማሸጊያው በዚህ ሳምንት እንዲነሣልኝ፣ በመዝገቡም ላይ «ዕቃ ቤት» የሚለው «የግንበኛ መሣሪያ ማስቀመጫ» ተብሎ እንዲታረምልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

በበኩሌ መጀመሪያ የእማሆይን ግንብ ሠርቼ፣ ቀጥሎ የራሴን ክፍል አፍርሼ ሁለት ክንድ ወዲያ እተክላለሁ። ለወንድምአገኝ ብዬ እንዳልሆነ በመዝገብ ይያዝልኝ፤ ወይዘሮ ውባንቺ ጀሪካን ተሸክመው አጥሩን ሲዞሩ ማየት ስላልቻልሁ ነው። እሱም በዚያው ማለፉ አይቀርም፤ የምከለክልበት መንገድ አላገኘሁም።

ከአክብሮትና ከሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
ባምላክ አረጋ
ግንበኛ